ከጥልፉ ጀርባ

ኑርዛዳ በዚያ ክረምት ግድግዳውን ስታጥብ ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ቀን በመዋዕለ ሕፃናቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሰውን ልጆች አንሶላ በበረኪና ስታሽ ትውላለች፤ ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ያው በረኪና፣ ያው ባልዲ፣ ያው አሮጌ ጨርቅ ይጠብቃታል። የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ጨው ሲነካው ያንገበግባታል። ቢሆንም ወንበር ላይ ትወጣና፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ፣ ከመስኮቱ ጎን እስከ ጣሪያው የወጣውን ሻጋታ ትፈትጋለች። ሻጋታው መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይሆናል፣ በመጨረሻ ጠቁሮ ይንሰራፋል። ሲታጠብና ኖራ ሲቀባ ሦስት ሳምንት ዝም ይላል። ከዚያ እንደ ክፉ ጎረቤት ሳይጠራ ይመለሳል።

ቤታቸው በናሪን ከተማ ዳር ካሉት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች በአንዱ፣ መጀመሪያው ወለል ላይ፣ ማዕዘን ላይ ያለው ነው። ነፋስ የሚመታው እሱን፣ ፀሐይ የማያየው እሱን። ከሥሩ ባለው ምድር ቤት የሙቅ ውኃው ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ውኃው እዚያው ተኝቷል፣ እንፋሎቱ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። የሕንፃው ኃላፊ ሲጠሩት ይመጣል፣ በባትሪ ያበራል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይሄዳል። ቧንቧው የማን እንደሆነ ገና አልተለየም ነው የሚለው። ውኃው የማን ቤት እንደሚገባ ግን ከተለየ ቆይቷል።

ነገሩ የግድግዳ ብቻ ቢሆን ኑርዛዳ ችላው በኖረች። አንጀቷን የሚበላት የልጇ የሳይካል ነገር ነው። ሳይካል አምስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናታል፤ አንድ ለእናቷ፣ ለፍላፊ፣ የሰማችውን ሁሉ ለጎረቤት የምታደርስ ልጅ ናት። በረዶ መውረድ ሲጀምር ሳል ይይዛታል፣ በረዶው ሳይቀልጥ አይለቃትም። ስትተኛ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። በዚያ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት ወስደዋታል። ኑርዛዳ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልተኛችም ማለት ይቻላል፤ ዓይኗ ተከድኖ ጆሮዋ የልጇን ደረት ይጠብቃል።

አማቷ ኡልካን ይህን ሕመም የሚያውቁት በአንድ ስም ነው፤ ብርድ። ብርድ ነው ያገኛት፣ ብርድ ነው የገባባት። ስለዚህ መኸር ሲያልቅ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ ሳሙና በተቀባ የጨርቅ ጥብጣብ ያስለጥፋሉ፤ በመስኮቱ ራስጌ ያለችውን ትንሿን መዝጊያ ሳይቀር። እስከ ኖሩዝ፣ እስከ ፀደዩ በዓል፣ ማንም አይነካውም። የሳይካልን ደረት በቀለጠ የበግ ላት ያሻሉ። ድንች በትልቁ ድስት ይቀቀልና ልጅቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ እንፋሎቱን ትታጠናለች። የታጠበ ልብስ ውጭ ሲሰጣ እንደ ሳንቃ ደርቆ ስለሚቀር እሱም እዚያው ክፍል ውስጥ በገመድ ይንጠለጠላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጥልፉ አለ።

ጥልፉን ቱሽኪይዝ ይሉታል። ኡልካን ለመጨረሻ ልጃቸው፣ ለኑርዛዳ ባል ለኩባት ሠርግ ብለው ስምንት ክረምት የጠለፉት ነው፤ ጥቁር ከፋይ ላይ ቀይ ፀሐይ፣ በፀሐዩ ዙሪያ የበግ ቀንድ፣ በቀንዱ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ቀንድ። ከሳይካል አልጋ በላይ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ያ ስምንት ክረምት የኡልካንንም ዓይን ይዞ ሄዷል፤ ዛሬ ሁለቱንም ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር መዳፋቸውን በጥልፉ ላይ ማሳለፍ ነው። ለሠርግ የመጣ ሰው፣ ለለቅሶ የመጣ ሰው፣ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር ያንን ጨርቅ ሳያደንቅ ከዚያ ቤት አይወጣም። ግድግዳው ብርድ ይተፋል፣ ጨርቁ ደግሞ ልጅቷን ይጠብቃታል፤ ኡልካን ዘንድ ይህ ክርክር የለበትም። ኑርዛዳ በሰባት ዓመት ትዳሯ አንድ ቀን አቧራውን ላራግፍ ብላ ጫፉን ብታነሣ፣ «ተይው፣ ምስማሩ ይነቀላል» ብለው አይታባቸው በማታውቀው ቁጣ ከለከሏት። ከዚያ ወዲያ አልነካችውም።

በሁለተኛው ጊዜ ሐኪም ቤት ያገኘቻቸው ሐኪም ከኑርዛዳ የባሰ የደከማት ሴት ነበረች። የሳይካልን ጀርባ አዳምጣ ስታበቃ ስለ ብርድ አልጠየቀችም።

«ይቺ ልጅ የሚሻላት መቼ ነው?» አለች።

«በጋ ላይ። አክስቷ ጋ ወደ ተራራው ስንሰዳት ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን አትስልም።»

«ድንኳን ውስጥ?»

«ድንኳን ውስጥ።»

«እዛ ነፋስ የለም?»

«ኧረ ነፋሱስ ሰው ይዞ ይሄዳል። አፓ ግን ያዳናት የባዝራ ወተቱ ነው ይላሉ።» አፓ የምትለው አማቷን ነው፤ ምራት የባሏን እናት በስማቸው አትጠራም።

«ወተቱን እኔም እወደዋለሁ» አለች ሐኪሟ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ስትተኛ ፊቷ ወደምን ነው የሚዞረው?»

ኑርዛዳ ስለ ግድግዳው ነገረቻት፤ ስለ ሻጋታው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ጥልፉም። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ግንባሯን አሸች። ግድግዳውን ግለጡት፣ አልጋውን ከዚያ አርቁት፣ እንፋሎት ይቁም፣ መስኮት ይከፈት አለቻት። በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም ሰጠቻት፤ ግን መድኃኒቱ እሳቱን እንጂ ማገዶውን እንደማያነሣው ነገረቻት።

«ደረቷ ደጋግሞ እንዲህ ከተዘጋ ይለምደዋል» አለች። «ከለመደው ደግሞ የልጅነት ሳል መሆኑ ይቀራል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው ትሄዳለች። አሁን ገና ጊዜ አለሽ። ሁለት ክረምት ቆይተሽ ብትመጪ የምነግርሽ ሌላ ነው።»

ኑርዛዳ ሳይካልን አዝላ በበረዶው ላይ ስትመለስ ነገሩን ሁሉ በልቧ ገለበጠችው። መስኮቱን የጠረቀሙት ለሳሉ ብለው ነው። ድንቹን የቀቀሉት ለሳሉ ብለው ነው። ልጅቷን ከጨርቁ ጋር ያጣበቋት ለሳሉ ብለው ነው። ሳሉ ደግሞ በዚህ ሁሉ ሲቀለብ ኖሯል። ያን ያህል ሰው ለፍቶ ይህን ያህል መሳሳቱ ሊያስቃት ምንም አልቀረውም።

ያን ቀን ሻይ ስትቀዳ ለአማቷ ሐኪሟ ያለችውን በዝግታ፣ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደች ነገረቻቸው። ኡልካን ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ሐኪሟ ይሄን ቤት አይታዋለች?» አሉ።

«አላየችውም አፓ።»

«ታዲያ ግድግዳዬን በምን አወቀችው? ቤት ለይታችሁ ለመውጣት ከሆነ ነገሩ፣ ባልሽን ይዘሽ ውጪ። ግድግዳውን አትስደቢብኝ።»

ኑርዛዳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። ኩባት የመጨረሻ ልጅ ነው፤ በአገሩ ወግ ከእናቱ ጋር የሚቀረው እሱ ነው። እንኳን ቤት መለየት፣ ቤት የመለየት ወሬም በእሷ አፍ አይነገርም። ሻዩን ጨምራ ቀዳች፣ እንደ ወጉ እስከ ጽዋው ግማሽ።

ኩባት በትንሽ አውቶቡስ ሰው እያመላለሰ ነው የሚኖረው፤ ነገር ሲከብደው መሪ እንደጨበጠ ሰው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ሚስቱ ስትነግረው ያንን አደረገ። የልጁ ከንፈር ሰማያዊ ሲሆን ያየ አባት ነው፣ ልቡ ወደ ሚስቱ ነበር፤ እናቱንም ያውቃል። በመጨረሻ መላ መታ። እናቱ ሐሙስ ለእህታቸው ባል አርባ ወደ ገጠር ይሄዳሉ፣ እሑድ ነው የሚመለሱት። በዚያ መሃል ጨርቁ ይወርዳል፣ ጀርባው ይጠረጋል፣ ግድግዳው ይታጠባል፣ ሳይመለሱ ተመልሶ ይሰቀላል።

«እንዳልነበረ ሆኖ» አለ።

«እኔ ነኛ የማጥበው» አለች ኑርዛዳ።

«እኔማ መንገድ ላይ ነኝ።»

ዓርብ ዕለት ከሥራ ቀርታ ሳይካልን ጎረቤት አስቀመጠች። ምስማሮቹ ዝገዋል፤ አንድ በአንድ በጉጠት ነቀለቻቸው። ምስማሩ ሁሉ ተነቅሎም ጨርቁ አልወረደም። ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ጫፉን ይዛ ስትስበው እንደ ቁስል ፋሻ እየተላቀቀ መጣ፣ ሽታውም አብሮ መጣ፤ ለሰባት ዓመት የአማቷ ሳጥን ሽታ ነው ስትለው የኖረችው ሽታ።

ከአልጋው ራስጌ እስከ ጣሪያው ግድግዳው ጥቁር ነበር። ነጠብጣብ አይደለም፤ ጠጉር አብቅሏል። የከፋዩ ጀርባም እንደዚያው ነው። በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ሻጋታ ማን ያያል? ኑርዛዳ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ሰባት ክረምት በየክረምቱ አራት ጊዜ ያቺን ማዕዘን ስትፈትግ፣ የሻጋታው እናት ሁለት ክንድ ርቃ ከሳይካል አፍንጫ ሥር ተኝታ ኖራለች። እጇን ተመለከተችው። ያ ሁሉ በረኪና፣ ያ ሁሉ ወገብ፣ በከንቱ። ተናደደች፣ በማን እንደምትናደድ ግን አላወቀችም።

ቆይታ ተነሣችና መፈተግ ጀመረች። ከግድግዳው መሃል ላይ ስትደርስ ጨርቋ ወረቀት ነካ። ያረጀ ጋዜጣ ነው፣ በዱቄት ሙጫ በጥንቃቄ የተለጠፈ፣ በላዩ ኖራ የተቀባ። ከሥሩ አንድ ቡናማ የእርጥበት ክብ ነበር። ኑርዛዳ ጋዜጣውን ልጣ ባልዲው ውስጥ ጣለች። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ሥራ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ጥልፉን በገንዳ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፈችው። ክሩ ደኅና ነው፣ ቀዩ ፀሐይ ቀለሙን እንኳ አልለቀቀም። ጨርቁ ግን በስብሷል። ስታነሣው ፀሐዩ በእጇ ቀረ፣ የቀረው ከፋይ እንደ ራሰ ዳቦ እየተቆረሰ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ለትንሽ ጊዜ እንዲያው ይዛው ቆመች። አማቷን አንዳንዴ ትጠላቸው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤ ያን ሰዓት ግን ለስምንቱ ክረምት አለቀሰች።

ኩባት ሲመጣ ባዶውን ግድግዳ አየ፣ ገንዳውን አየ፣ ቁጭ አለ። ገበያ ሄዶ ሌላ ምንጣፍ ይገዛ እንደሆን ጠየቃት።

«በዳሰሳ የማይለዩ ይመስልሃል?» አለችው። «ያንተን ሸሚዝ ከወንድሞችህ ሸሚዝ አሽትተው የሚለዩ ሴት ናቸው።»

«ታዲያ ምን እንበላት?»

«እኔ እንጃ። ደክሞኛል ኩባት። ውሸት መፍጠሪያ አቅም የለኝም።»

እሑድ ከቀትር በፊት ኡልካን መጡ። ካፖርታቸውን አወለቁ፣ የአርባውን ሥጋ በፌስታል ለሳይካል ሰጡ፣ ከዚያ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። እጃቸው ባዶውን፣ እርጥቡን፣ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ነካ። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ። ኩባት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አፓ፣ ጨርቅዎ ታሞ ነበር» አለች ሳይካል ሥጋዋን እያኘከች። «እናቴ ስታጥበው ሞተ።»

ማንም አልሳቀም። ኡልካን እጃቸውን ዘረጉ፣ ኑርዛዳ የተረፈውን አምጥታ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ፀሐዩን በፊት በኩል ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን ዳሰሱት። ጣታቸውን አሸተቱ።

«እስከ የት ደርሷል?» አሉ።

«እስከ ጣሪያ።»

ኡልካን በልጅቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያን ጊዜ የመዳፍ ያህል ነበር» አሉ። «ዓይኔ ያያል ያኔ። የእናትሽ ወገኖች ለሠርጉ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር ነው ያየሁት። ልጃችንን እርጥብ ቤት ከተቷት ይበሉን? ጋዜጣ ለጠፍኩበት፣ ኖራ ቀባሁት። ጥልፉን እዚያ ማዶ፣ ደረቁ ግድግዳ ላይ ነበር ልሰቅለው ያሰብኩት። እዚህ አመጣሁት። ከሠርጉ በኋላ አነሣዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ያደንቀው ጀመር፤ ከዚያ ዓይኔ ሄደ፤ ከዚያ ረሳሁት።» ፀሐዩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «አልረሳሁትም። ተውኩት።»

ኑርዛዳ ውስጧ የነበረው ሁሉ ወደ አፏ መጣ። ጋዜጣው፣ ያ «ተይው» ያሉበት ቁጣ፣ «ግድግዳውን አትስደቢብኝ» ያሉት፤ ሁሉም አሁን ገባት። ምራት የማትለው ብዙ ነገር አለ፣ ያን ሁሉ ልትለው ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ብቻ ወጣ።

«አፓ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነበር» አለች።

ኡልካን ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ መስኮቱ ጋ ደረሱ። በመስኮቱ ጠርዝ የተለጠፈውን የጨርቅ ጥብጣብ ጫፍ በጥፍራቸው ፈለጉ፣ አገኙት፣ ሳቡት። የደረቀው ሳሙና እየተፈረፈረ ወረደ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ሳቡ። ትንሿ መዝጊያ አልከፈት ብላ ታገለቻቸው፤ ኩባት ሊረዳቸው ቢነሣ በክርናቸው ገፉት። ስትከፈት የየካቲት ነፋስ በረዶ ይዞ ገባ።

«ልጅቷን ካፖርት አልብሷት» አሉ። «እንግዲህ ይንፈስ።»

ከዚያ ወር በላይ አለፈ። ኩባት ግድግዳውን እስከ ሲሚንቶው ድረስ ፋቀው፤ መልኩ ጠባሳ የሞላው ፊት ሆኖ ቀረ። የሳይካል አልጋ ወደ ደረቁ ግድግዳ ተዛወረ፣ ልብስ ውጭ መሰጣት ጀመረ፣ ድንቹም ለምሳ ብቻ ተቀቀለ። ሳሉ አልጠፋም፣ ቀነሰ። የደረቷ ሲርሲርታ አንዳንድ ቀን ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማም፤ ከንፈሯ ግን ዳግመኛ ሰማያዊ አልሆነም። ምድር ቤቱ ያው ነው። ኃላፊው መጥቶ ከንፈሩን መጥጦ ሄዷል። ኑርዛዳ በሚመጣው ክረምት ባልዲዋን እንደምታነሣ ታውቃለች።

ለኖሩዝ በዓል የኑርዛዳ እናት ሊጠይቁ መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ኩባት ከገበያ የፋብሪካ ምንጣፍ ገዝቶ፣ ለእንግዳ ሲባል ለአንድ ቀን ግድግዳው ላይ እንስቀለው አለ። ኡልካን ምንጣፉን ዳሰሱት። ጥሩ ነው አሉ፣ መሬት ላይ አንጥፈው አሉ። እንግዳዋ ሲገቡ ኡልካን ራሳቸው በእጃቸው መርተው ፊት ለፊት፣ ባዶው ግድግዳ ከነጠባሳው በሚታይበት ቦታ አስቀመጧቸው። ሻይ ተቀዳ፣ በዘይት የተጠበሰው ቦርሶክ ዳቦ ቀረበ።

«ግድግዳውን እንዲያዩት ነው እዚህ ያስቀመጥኩዎት» አሉ ኡልካን። «ልጅዎን ስንወስድ እርጥብ ነበር። እርስዎ እንዳያዩት ሸፈንኩት። የልጅ ልጃችን ስድስት ዓመት ሳይሞላት ትንፋሿን ሊወስድብን ነበር። ይኼው፣ አሁን ይዩት።»

ኑርዛዳ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ኩባት የጽዋውን ጠርዝ ያሻል። እናቷ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ይቆጣሉ፣ ወይም ትሕትና አብዝተው ነገሩን ይቀብሩታል ብላ ነበር ኑርዛዳ የጠበቀችው።

«እኛም ቤት አለ» አሉ እናቷ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሳጥኑና ከብርድ ልብሱ ክምር ኋላ። ሳጥኑን እዚያ ያደረግነው እሱን ለመሸፈን ነው።»

«ከሳጥኑ አጠገብ ማን ይተኛል?» አሉ ኡልካን።

«ትንሹ። የልጄ ልጅ።»

«ይስላል?»

እናቷ ጽዋቸውን አስቀመጡ፣ ሻርፓቸውን ሰበሰቡ፣ ገና የተቀመጡ እንግዳ ሆነው ሳሉ ኩባትን አውቶቡሱ ዛሬ ወደዚያ ይመለስ እንደሆን ጠየቁት።

ኑርዛዳ ተነሣች። ማጠቢያ ክፍል ገብታ፣ ባልዲውን፣ የግድግዳ መፋቂያውንና ግማሽ የቀረውን በረኪና አውጥታ በሩ ሥር ከእናቷ ቦርሳ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ ልትሸኛቸው ወጣች።